የተሰነጠቀ የቴነር ማውዝፒስ ቤት ውስጥ ይጠገናል ወይ?

ቴነር ከአዳማ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሐሙስ የቴነር ሳክስፎኔን የአንገት ቡሽ (ማውዝፒሱ፣ ማለትም በአፍ የሚነፋው ክፍል፣ የሚሰካበትን) አስቀየርኩ። የቀየረልኝ ሰው በቅንነት ነው የሠራው፤ ግን ቡሹ ወፍራም ሆኖ ቀረ። ለልምምድ ቸኩዬ ስለነበር ቅባት እንኳ ሳልቀባው ማውዝፒሱን ገፋሁት። ግማሽ ላይ ሲደርስ አልገባ አለ። ኃይል ስጨምርበት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አውጥቼ ብርሃን ላይ ሳየው፣ አንገቱ ከሚገባበት ከኋላው አፍ ተነስቶ ወደ ፊት የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። በማስመሪያ 19 ሚሊ ሜትር ሆነ። የላይኞቹ ድምፆች ደህና ናቸው። ወደ ታች ስወርድ ግን አየር አየር ይላል፤ ትዝታን ከታች ስጀምር የመጀመሪያዋ ድምፅ ጭራሽ እምቢ ትላለች።

ማውዝፒሱ ጥቁር ኤቦናይት ነው። ያስተማሩኝ ሰው ጡረታ ሲወጡ «እንግዲህ አንተ ንፋበት» ብለው በእጄ ያስቀመጡልኝ ስለሆነ መጣሉ አልሆነልኝም። የጥር ሰርግ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ቤት ውስጥ የሚሠራ መላ የምታውቁ እባካችሁ ዝርዝሩን ንገሩኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

አይዞህ ወንድሜ። እኔም ከዓመታት በፊት የአልቶ ሳክስፎኔ ማውዝፒስ ተሰንጥቆብኝ ሱፐር ግሉ አንጠባጥቤበት ነበር። ሁለት ወር አልቆየም፤ ያውም መድረክ ላይ፣ ሁለተኛው ዘፈን መሀል ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ ተስፋ ቆርጬ አዲስ ገዛሁ። ለሰርጉ የሚደርስ ከፈለግህ ከዚህ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አላጣም፤ ዓይነቱንና ቁጥሩን ንገረኝና በሰው እልክልሃለሁ። የመምህርህን ግን በክብር አስቀምጠው።

ሳክስ ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ቴነር፣ ምንም ማስቲሽ ሳታስነካው ቆየኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የደረሰው የብዙ ሰው ታሪክ ነው፤ ለምን እንደሆነም ወደ በኋላ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስንጥቁ የት ላይ እንደሚያልቅ ማወቅ አለብን። ቡሹ በሚሸፍነው ክልል ውስጥ ካለቀ ቡሹ ራሱ አየሩን ስለሚዘጋው ድምፁ ሳይበላሽ ስንጥቁ ብቻ እያደገ ይሄዳል። ቡሹን አልፎ ከሄደ ግን አየሩ በዚያ ያመልጣል። የታቹ ድምፅ እምቢ ማለቱ ወደዚህኛው ያደላል። ነገር ግን የሚያፈሰው የሳክስፎኑ ፓድ (የቀዳዳዎቹ መክደኛ) እንዳይሆን ማውዝፒሱን ለብቻው ፈትሸው። ሪዱን (የምትንቀጠቀጠዋን የሸምበቆ ምላስ) አርጥበህ በሊጋቸሩ (በማሰሪያው) እሰር። የኋላውን አፍ በመዳፍህ ግጥም አድርገህ ድፈን። ከፊት በኩል አየሩን ምጠጥና ከአፍህ አውጣው። ደህና ማውዝፒስ ከሆነ ሪዱ ተጣብቆ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይቆይና «ፖፕ» ብሎ ይለቃል። ወዲያው ከለቀቀ ያፈሳል ማለት ነው። ከዚያ ስንጥቁን በጣትህ ሸፍነህ ድገመው።

የስንጥቁን ጫፍ ደግሞ ዓይን ብቻውን አያገኘውም። በአልኮል በራሰ ጨርቅ አብሰው። አልኮሉ ከላይ ቶሎ ይተናል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ግን ለጥቂት ሴኮንድ እርጥብ መስመር ሆኖ ይቀራል። መስመሩ የሚያልቅበት ላይ ምልክት አድርግና ለካው። ማውዝፒሱ ተስተካክሎ ሲቆም ቡሹ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚገባም ንገረኝ።

ቴነር ከአዳማ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

እግዜር ይስጥልኝ። ስንጥቁን ሳልሸፍነው ወዲያው ይለቃል፤ በጣቴ ስሸፍነው ሦስት ሴኮንድ ያዘ። አልኮሉ ግን አስደነገጠኝ። በዓይኔ 19 ያልኩት 24 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ቡሹ የሚገባው 18 ያህል ነው።

ሳክስ ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

እንግዲያው የምታፈሰው ያቺ ቡሹን ያለፈችው ስድስት ሚሊ ሜትር ናት። ደግነቱ ስንጥቁ ከኋላው ቱቦ አልወጣም። ሪዱ የሚያርፍበትን ገበታ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ሐዲዶችና ጫፉን አልነካም። ድምፁን የሚሠሩት እነሱና ውስጡ ያለው ጓዳ ናቸው። ስለዚህ የመምህርህ ድምፅ እዚያው አለ፤ ቱቦውን መያዝ ነው የሚቀርህ።

ኤቦናይት ጎማ ነው፤ ከብዙ ድኝ ጋር ተጋግሮ የደነደነ። ኔልሰን ጉድይር የባለቤትነት መብት ያወጣበት በ1851 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዶልፍ ሳክስ ሳክስፎኑን ካስመዘገበ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን ጠባዩ ይህ ነው፦ ሙቅ ውሃና ፀሐይ አይወድም። ድኙ ወደ ላይ እየወጣ ጥቁሩ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይሄዳል፤ ሽታና መጥፎ ጣዕምም ያመጣል። ስለዚህ እጠበው ስልህ እጅህ ላይ ሙቀቱ በማይታወቅ ውሃ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። በተለይ ከኋላ በኩል ውስጡን ደጋግመህ እሸው፤ የዓመታት የቡሽ ቅባት ያለው እዚያ ነው። ጥላ ውስጥ አንድ ቀን ይድረቅ። ከዚያ ስንጥቁን በአልኮል አጥራው። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለበት መልሶ ቅባት ይተዋል።

ማስቲሹ ሲገባ ስንጥቁ ትንሽ መከፈት አለበት። እርሳስ ላይ ወረቀት እየጠቀለልክ ሾጠጥ ያለ ነገር ሥራና ከኋላው አፍ በቀስታ አስገባው። መስመሩ ሲሰፋ ዓይንህ ካየ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፍክ ስንጥቁን ራስህ ታስረዝመዋለህ። ሱፐር ግሉውን እንደ ውሃ የሚፈሰውን ቀጭኑን ያዝ፤ ጄል የሆነው አይገባም። በመርፌ ጫፍ አንድ ጠብታ አንስተህ መስመሩ ላይ አስነካና ዝም ብለህ እየው። ስንጥቁ ራሱ ይጠጣዋል፤ ጠብታዋ ዓይንህ እያየ ትጠፋለች። ቀጣዩን ጠብታ ትንሽ ወደ ፊት። ምልክት ያደረግህበት ጫፍ ላይ ስትደርስ ጠብታዋ መጠጣቷን ታቆማለች። ወዲያው እርሳሱን አውጣ፤ ውስጥ የዘለቀውን በናይለን ጨርቅ ጥረግ። ከላይ ፌስታል አልብሰህ፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በሁለት ሳንቲም ስፋት የቆረጥከውን ጎማ እየሳብክ ጠቅልልበት። ጎማው ዙሪያውን እኩል ስለሚይዝ በብሎን ከሚጠብቅ ማሰሪያ ይሻላል። 24 ሰዓት አትንካው። መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ወደ ደረሰው እንምጣ። ማውዝፒሱን በከተትክ ቁጥር ቡሹ ቱቦውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ መስታወት ነው፤ ይህን የየቀኑን ግፊት አይችለውም፤ እርጥበትም ቀስ በቀስ ያዳክመዋል። ግፊቱን የሚችለው ከውጭ የሚታሰር ቀለበት ነው። የድሮ ማውዝፒሶች ብዙዎቹ ከኋላ የብረት ቀለበት ይዘው የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ማስቲሹ አየሩን ይዘጋል፣ ቀለበቱ ግፊቱን ይሸከማል፣ ቡሹም በልኩ ይሞረዳል። ከሦስቱ አንዱ ከቀረ ሥራው አልተሠራም።

ቀለበት የሚሠራልህ ካጣህ ክር ይበቃል። ጫማ ሰፊዎች የሚሰፉበትን ናይለን ክር፣ በሁለት ቱቦ የሚመጣውን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ እየቀባህ ጎን ለጎን አንድ ሳንቲም ያህል ስፋት ጠምጥም፤ ሁለት ድርብ አድርገው። አንድ ነገር አደራ፦ የጥጥ ክር ላይ ሱፐር ግሉ እንዳታፈስ። ጥጥና ሱፐር ግሉ ሲገናኙ በሴኮንዶች ውስጥ ይግላል፣ ይጨሳል፤ ጣት ያቃጥላል፣ ኤቦናይቱንም ይጎዳል።

ቶርኒተር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ሙዚቃ አልጫወትም፤ ልጄ ክላርኔት ስለሚማር ነው እዚህ የምገባው። የቀለበቱን ነገር ግን ለእኔ ተዉት። ምናለሽ ተራ ብትሄድ ከአሮጌ የቧንቧ ዕቃ የተቆረጠ ነሐስ አታጣም። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። የኋላው ቱቦ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ የቀለበቱም ውስጥ እንደዚያው መሞረድ አለበት፤ አለበለዚያ በአንድ ጠርዝ ብቻ ነው የሚነካው። ለቶርኖ ቤቱ ማውዝፒሱን ራሱን ይዘህ ሂድ፣ ልኩን በካሊፐር ይውሰድ። ግን በቶርኖው መንጋጋ እንዳይዘው ንገረው። ብረት የለመደ እጅ ጎማን አያዝንለትም።

አንድ ጥያቄ ለሳክስ ጠጋኝ፦ እኛ ቀለበት አሙቀን እናስገባና ሲበርድ እንዲጨብጥ እናደርጋለን። እዚህ ይሆናል?

ሳክስ ጠጋኝ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡10

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እዚህ አይሆንም። ኤቦናይት በሙቀት ሲሰፋ ከነሐስ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው የሚሰፋው። ጨብጦ የተቀመጠ ቀለበት፣ ዕቃው አዳማ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ሲቀር ቱቦውን ያንቀዋል። ቀለበቱ ከቱቦው የ0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ብሎ፣ በእጅ ገብቶ፣ ክፍተቱን ኢፖክሲ ቢሞላው ነው የምመርጠው። ስለ መንጋጋው ያልከውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ልድገመው፦ የተሰነጠቀ ማውዝፒስ ሳይጣበቅ ቶርኖ ላይ አይወጣም።

የድሮ ባንድ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡00

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ በፖሊስ ባንድ ክላርኔትና አልቶ ስነፋ ነው ያረጀሁት። ያኔ ዕቃ እንደ ልብ አይገኝም፤ አንድ ማውዝፒስ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር። ቡሽ ሲጠፋ ክር በሰም እያሸን እንጠቀልል ነበር፤ ከቡሽ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። አወላለቁን ግን አለቆቻችን አጥብቀው ይቆጣጠሩት ነበር። ማውዝፒስ እየዞረ ይገባል፣ እየዞረ ይወጣል። ወደ ላይና ወደ ታች የነቀነቀው ሰው ዕቃው ከእጁ ይወሰድ ነበር።

አንተ የአዳማው ልጅ፣ የመምህርህን ማውዝፒስ ለመጣል አለመቸኮልህ አኩርቶኛል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሲያወርደው የሰማ ሰው፣ ያ ድምፅ ከሰውየው ትንፋሽና ከዚያች ጥቁር ጎማ መካከል እንደሚወለድ ያውቃል። ቅባቱን ግን ቫዝሊን አታድርገው፤ ቡሹን የያዘውን ማስቲሽ እያላላ ሲያስለቅቅ አይቻለሁ።

ዝማሬ ጀማሪ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡25

ይቅርታ፣ መሀል ገባሁባችሁ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልቶ እየተማርኩ ነው። የእኔ የፕላስቲክ ነው፣ የመጠን ቁጥሩ 4ሲ የሚለው። ወለል ላይ ወድቆ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ ግማሽ የምታህል ተሸርፋለች። ቁራጯን አግኝቻታለሁ። በዚሁ ቀጭን ሱፐር ግሉ ልመልሳት?

ሳክስ ጠጋኝ | ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡00

እህቴ፣ ይቅርታ ምን አለው፤ ይህኛው ግን አይጠገንም። በሪዱና በጫፉ መካከል ያለው ክፍተት በዚህ ዓይነት የአልቶ ማውዝፒስ ከሁለት ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ሪዱ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያንን ጫፍ ዙሪያውን እኩል መንካት አለበት። ቁራጯን መልሰሽ ብታጣብቂያት የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቷ አይቀርም፤ ያቺ ታህል ልዩነት ብቻ ድምፁን ታፏጨዋለች ወይም ትዘጋዋለች። ደግሞም ከንፈርና ምላስ የሚነካው ቦታ ነው፤ እኔ ማስቲሽ እዚያ አላስቀምጥም። የኤቦናይት ውድ ዕቃ ቢሆን ጫፉን ሙሉ በሙሉ እንደገና የሚያስተካክል ባለሙያ ይፈለግለታል፤ የተማሪ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አዲስ መግዛት ይቀላል። ወደፊትም ልታጸጂው ብለሽ አሴቶን እንዳታስነኪው፤ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 5፡30

እህቴ፣ እኔ ጋ የድሮ 4ሲ የአልቶ ማውዝፒስ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጫፉ ደህና ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚመጣ ሰው አለ።

ክላርኔት ጎንደር | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡15

የእኔ ደግሞ የክላርኔት ነው። ቡሹ ያለው ማውዝፒሱ ራሱ ላይ ስለሆነ የተሰነጠቀው በርሜሉ (ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለው አጭር ቱቦ) ውስጥ የሚገባው ክፍል ነው። ከውጭ ቀለበት ባደርግበት በርሜሉ ውስጥ አይገባም። ምን ይሻለኛል?

የድሮ ባንድ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5፡40

ልጄ፣ ቡሹን ሙሉ በሙሉ አንሳው። ከሥሩ ዙሪያውን የተቆረጠ ቦይ ታገኛለህ። ስንጥቁን ሳክስ ጠጋኙ እንዳለው አጣብቀው፣ ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ቀጭን ጠንካራ ክር አንድ ድርብ አጥብቀህ ጠምጥምበት። ክሩ ቀለበት ሆነልህ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ስስ ቡሽ ካገኘህ ለጥፍበት፤ ካላገኘህ ያንኑ ክር በሰም እያሸህ በርሜሉ ውስጥ በልኩ እስኪገባ ሙላው። አንድ ዙር እየጨመርክ ሞክረው፤ አብዝተህ አጥብቀህ በርሜሉን ደግሞ እንዳትሰነጥቅ።

ቴነር ከአዳማ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

አልያዘልኝም። እሁድ አጣበቅኩት፣ ሰኞ ከመነዳሪውን ስፈታው ያማረ ይመስል ነበር። ፍተሻውን ሳደርግ ወዲያው ለቀቀ። አልኮል ስቀባው ከኋላው አፍ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ያህሉ አሁንም መስመር ያወጣል፤ የፊተኛው በኩል ግን ደህና ተዘግቷል። በመስመሩ ዳር ዳርም ነጭ ነጭ አመዳይ የመሰለ ነገር ወጣበት። የመምህሬን ዕቃ አበላሸሁት ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም።

ሳክስ ጠጋኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

አላበላሸኸውም። ነጩ የሱፐር ግሉው ትነት ላዩ ላይ ተመልሶ አርፎ ነው፤ በጣም ስስ በሆነ 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሸት ስታደርገው ይለቃል። የፊተኛው ይዞ የኋለኛው አልያዘም ማለት ቡሹ የሚነካው ቦታ ላይ ቅባት ቀርቷል ማለት ነው። ከላይ የደረቀውን በምላጭ ጫፍ አንሳ። ከፋርማሲ ቀጭን መርፌ ያለው ሲሪንጅ ገዝተህ አልኮሉን ስንጥቁ ውስጥ እየገፋህ አስገባ፤ በየመሀሉ ለግማሽ ሰዓት አድርቀው። ሦስት ጊዜ። ከመርፌው በኋላ ነጭ ወረቀት ለጥፈህበት ቢጫ ነጠብጣብ እስከማይታይ ድረስ። በጋ ስለሆነ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሱፐር ግሉ ደግሞ የሚደርቀው በአየር እርጥበት ነው። ልታጣብቅ ስትል አጠገቡ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አስቀምጥ።

ቴነር ከአዳማ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

ያዘ! መርፌው ነው ያዳነኝ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የወጣው እንደ ዘይት ቢጫ ነበር፤ ሦስተኛው ንጹሕ ወጣ። ሐሙስ አጣበቅኩት። ቅዳሜ አንድ ቶርኖ ቤት ሄጄ ከአሮጌ የቧንቧ መገጣጠሚያ ቀለበት አስወጣሁ። ሰውየው እየለካ ሦስት ጊዜ ሞረደው፤ በጣት ተገፍቶ ሲገባ «በቃ» አለኝ። በኢፖክሲ አሳረፍኩት።

ዛሬ ቡሹን ሠራሁት። 240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጣት ስፋት ቆርጬ፣ ጫማ እንደሚወለወል ግራና ቀኝ እየሳብኩ፣ አንገቱን ጥቂት በጥቂት እያዞርኩ። በ400 ጨረስኩት። በየደቂቃው አቁሜ ማውዝፒሱን እሞክር ነበር። አሁን ቅባት ተቀብቶ በሁለት ጣት እየዞረ 18 ሚሊ ሜትሩ ላይ ይደርሳል። ፍተሻው ላይ ሪዱ አምስት ሴኮንድ ይይዛል። ከሁሉ ታች ያለው ድምፅ፣ ቢ ፍላት፣ በዝግታ ስነፋው እንኳ ይወጣል።

ክላርኔት ጎንደር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እንኳን ደስ ያለህ። የእኔም በክሩ ይዟል። ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ፤ ሰሙን ከማር ነጋዴ አገኘሁ።

ቴነር ከአዳማ | የካቲት 4፣ ከምሽቱ 2፡30

እንድታውቁት ብዬ ነው የተመለስኩት። ጥርን በሙሉ በእሱ ነፋሁ፤ ስድስት ሰርግ። ከእያንዳንዱ በኋላ አውልቄ አድርቄ ለብቻው ነው የማስቀምጠው። ትናንት በአልኮል ፈተሽኩት፤ መስመር አላወጣም።

ዛሬ ለመምህሬ ወሰድኩላቸው። ምን እንዳጋጠመው አልደበቅኳቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱት፤ ምንም አላሉም። ሳክስፎኔን ተቀብለው ገጠሙትና፣ ከሁሉ ታች ያለውን ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ነፉት። ድምፁ አልተቆራረጠም። ከዚያ አውልቀው መለሱልኝና «ቡሹ ቅባት ጨምርበት» አሉኝ።